ቀፎና ባለቀፎ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤

ሰው ከጥንት ጀምሮ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ፍጥረት ነው። ላምን ይጠብቃል፤ ፈረስን ይቀልባል፤ ዶሮን ያሳድራል፤ ንብን ያነባል። ነገር ግን ጠባቂነት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ከብቱን ሲያበላ ልቡ ይሞቃል፤ ሌላው ያንኑ ሣር ለዚያው ከብት ሲሰጥ ሸክም የተጫነበት ይመስለዋል። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ ስሜቱ የተለየበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ የእኅቴ ልጅ ነው ወደ ቤቴ ይዞት የመጣ።

ልጁ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ይማራል። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ መቱ ሲመጣ፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የጀመረውን አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ይዞ መጣ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ የአንድ መንደር አለቃ ይሆናል። መንደሩ የእኛን የሶርን ወንዝ በሚመስል ወንዝ ዳር ተቈርቍሯል። አለቃው እንጨት ያስቈርጣል፤ ቤት ያሠራል፤ መንገድ ያወጣል፤ ገበያ ያቆማል፤ ጠላት ሲመጣም ይከላከላል። ከዚህም ጋር ላሞች፥ በቅሎዎችና ንቦች አሉት፤ እነርሱን መጠበቅ ግዴታው ነው። ጓደኞቹ ጨዋታውን ሲሞክሩት ቤት ማሠራቱንና ጦርነቱን ወደዱት፤ እንስሳቱን መቀለብ ላይ ሲደርሱ ግን አዛጉ። «ተጫን፥ አብላ፤ ተጫን፥ አጠጣ፤ ይኸ ምን ጨዋታ ነው?» አሉት።

አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፥ በአገራችን ልማድ የእናት ወንድም እንደሚጠራበት ጠርቶ፥ «ኤሱማ፤ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ንብ ሲያነቡ ኖረዋል። ንብ ትናደፋለች፤ ዛፉ ረጅም ነው፤ ማሩም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ቢገኝ ነው። ታዲያ ለምን አልሰለቸዎትም?» አለኝ።

መጀመሪያ ሣቅሁበት። «ልጄ፤ ያንተ ከብት ‹ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ› የተባለችው ናት» አልሁት። እርሱም አልሣቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በኋላ ከመኝታዬ ላይ ሆኜ ሳስበው መሣቄ ትክክል እንዳልነበረ ገባኝ። አባቶቻችን ገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሩን እየቈጠሩ ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ሲዘሩ ፀሐይ ትጠልቅባቸው ነበር። ጠጠሩ አይበላም፤ አይሸጥም፤ ነገር ግን አርቆ ማሰብን ያስተምራል። ጨዋታ ከሆነ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ይዤ፥ ከምናውቀው ነገር፥ ማለት ከኢሉባቦር ቀፎ ታሪክ፥ መልስ ልፈልግለት ተነሣሁ።

የኢሉባቦር አገር የደንና የዝናም አገር ነው። ከመቱ ተነሥቶ ወደ ጎሬ፥ ወደ ቡሬ፥ ወደ ያዮ ወይም ወደ በቾ የሄደ ሰው ቀና ቢል በትላልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችን ያያል። ቀፎው ከቀርከሃ፥ ከዛፍ ልጥ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ፥ ከላይ በቅጠል ተሸፍኖ፥ ድቡልቡልና ረዘም ያለ ነው። ባለቀፎው ውስጡን መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጥነዋል፤ ከዚያ በገመድ እየሳበ ወደ ዛፉ ጫፍ ያወጣዋል። ካወጣው በኋላ ግን አንዳች ማድረግ አይችልም። ንብ በገበያ እንደሚገዛ በግ ተጎትታ አትመጣም። ቦታው ከተስማማት በፈቃዷ ትገባለች፤ ካልተስማማት ቀፎው ባዶውን ይከርማል።

አበባውም በየወራቱ ይፈራረቃል። ግራዋ በበጋ ያብባል፤ ቡና የመጀመሪያው ዝናም ጠብ ሲልለት በየካቲትና በመጋቢት ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ ከዚያ ገተም ይቀጥላል፤ ብሳናውና ዶቅማውም በየተራቸው ይመጣሉ። የገተም ማር ነጭ ነው፤ የግራዋው ጠቈር ብሎ ጥቂት መረር ይላል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ማሩን አይቶና ቀምሶ ንቦቹ በዚያ ዓመት የት እንደ ዋሉ ለመናገር ይችላል።

ይኸ ማርና ሰም በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ ነበረው። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፥ በኋላም የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከአካባቢው ገበሬ ከሚሰበሰበው ግብር አንዱ ማር ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆነች። ከጎሬ ቡናው፥ ቆዳውና ሰሙ በበቅሎና በሰው ጀርባ እየተጫነ በቡሬ በኩል ቍልቍለቱን ወርዶ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ከዚያ ክረምት መጥቶ የባሮ ውሃ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። በመርከቡም ጨውና ልብስ ይመጣ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ከተያዘች በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ግን ጣልያኖች ገቡባት። ከድልም በኋላ ዘመን አለፈ፤ በደርግ ጊዜ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። ገዢውና ነጋዴው ሲለዋወጥ ቀፎው ከዛፉ አልወረደም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። በዚህ ሁሉ ዘመን ማርና ሰም በብዙ ሰው እጅ አልፏል። ግብር ተቀባዩ ማሩን በጕንዶ ለካው፤ ነጋዴው ሰሙን በሚዛን መዘነው፤ ተሸካሚው በጀርባው ከበደው። እነዚህ ሁሉ ቍጥሩን ያውቃሉ፤ ንቧን ግን አያውቋትም። ንቧን ያወቃት ዛፍ የወጣው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የድካሙ ፍሬ በግብር ስም ተወስዶ ሲያልቅበት ቀፎ መስቀሉ ደስታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ሆኖበት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸ ነው፤ እንክብካቤ ደስ እንዲያሰኝ ፍሬው ወደ ተንከባካቢው መመለስ አለበት። ነገር ግን ፍሬው ብቻውን እንደማይበቃ በራሴ ላይ የደረሰው ያስረዳል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ግንቦት ሊያልቅ ሲል አባቴን ወባ አስተኛው። የማር ቈረጣው ጊዜ ደርሶ ነበርና እኔ ከአጎቴ ልጅ ጋር በሌሊት ጢስ ይዤ ወጣሁ። አባቴ ዘወትር ከኋላ በኩል ያለውን እንጀራ ቈርጦ የፊተኛውን ይተው ነበር። እኔ ግን ጫማ መግዛት አምሮኝ ነበርና ያገኘሁትን ሁሉ ቈረጥሁ፤ እጭ ያለበትን እንኳ አልተውሁም። ገበያ ላይ ገዢው በእንጨት ገለጥ አድርጎ እጩን ሲያይ ዋጋውን ጣለብኝ፤ በሰው ፊትም አፈርሁ። በሦስተኛው ቀን ቀፎው ዝም አለ። ንቦቹ ወጥተው ሄደዋል።

አባቴ ትኵሳቱ ሲተወው በምርኵዝ እየተደገፈ ከዛፉ ሥር ድረስ ይዞኝ ሄደ። አልመታኝም፤ አልተቈጣኝም። ወደ ላይ ጥቂት ተመለከተና፥ «ማሩን ቈረጥህ፤ ቤታቸውንም ቈረጥህ» ብሎኝ ተመለሰ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በመስከረም ሌላ ቀፎ ሠርቼ፥ አጥኜ፥ በራሴ እጅ ሰቀልሁ። በየማለዳው እየሄድሁ ቀና ብዬ አይ ነበር። አንድ ሳምንት ባዶ፤ ሁለት ሳምንት ባዶ። ከዚያ አንድ ቀን ሰላይ ንቦች በአፉ ዙሪያ ሲንጎራደዱ አየሁ። በማግሥቱ ቀትር ላይ መንጋው እንደ ጭስ ደመና መጥቶ በዛፉ ላይ ዞረና ገባ። እኔ እየሮጥሁ ወደ ቤት ሄጄ፥ «ገቡ! ገቡ!» እያልሁ ጮኽሁ። በቀፎው ውስጥ አንዲት ጠብታ ማር ገና አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ብዙ ማር ቈርጫለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል የተደሰትሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ይህን ታሪክ ለእኅቴ ልጅ በነገርሁት ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ፥ «እንግዲህ ነገሩን ለይተው ይንገሩኝ» አለኝ። እኔም በሚከተለው አኳኋን ለይቼ ነገርሁት።

1ኛ፤ የፍጥረቱ ሁኔታ ለሚያስተውል ዓይን ይታይ። ባለቀፎ ንቦቹን ሳይነካ ብዙ ያውቃል። በእግራቸው የአበባ ዱቄት ተሸክመው የሚገቡ ከሆነ በውስጥ የሚመገብ እጭ አለ ማለት ነው። በቀፎው ሥር ብዙ የሞቱ ንቦች ከታዩ፥ ጕንዳን ግንዱን ከያዘ፥ ወይም የሰም ብል ከገባ፥ ችግር አለ። ሌሊት ጆሮን ቢያስጠጉ የደኅናው ቀፎ ድምፅ የረጋ ነው፤ የታወከው ግን ይቈራረጣል። ፍራንሷ ሁበር የሚባለው የጄኔቫ ሰው ዓይነ ስውር ነበር፤ ነገር ግን እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ቀፎ አሠርቶ፥ ቡርነንስ የሚባል ረዳቱ ያየውን እየነገረው እርሱ እየጠየቀ፥ ስለ ንብ ኑሮ በ1792 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም በ1852 አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በእንጀራና በእንጀራ መካከል ለንብ የሚበቃትን ጠባብ መተላለፊያ ጠብቆ፥ ፍሬሙ የሚነሣና የሚመለስ ቀፎ ሠራ። ዛሬ በእኛም አገር ዘመናዊ ቀፎ የሚባለው የዚህ ዘር ነው። ትርፉ ማር መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ቤታቸውን ሳያፈርሱ ውስጣቸውን ለማየት መቻሉ ነው። ስለዚህ ለልጁ፥ «ጨዋታህ ‹ተራበ› የሚል ጽሑፍ ከሚያወጣ ይልቅ ንቦቹን አሳይ፤ ተጫዋቹ ራሱ አይቶ ይወቅ» አልሁት። ራሱ ያስተዋለ ሰው ባስተዋለው ነገር ይደሰታል፤ የታዘዘ ግን ይታዘዛል እንጂ አይደሰትም።

2ኛ፤ ፍጥረቱ የራሱ ፈቃድ ይኑረው። ንብ አጥር የላትም፤ ካልተመቻት ትሄዳለች። ስለዚህ የቀረች ንብ ሁሉ ለጠባቂዋ ምስክር ናት። የቅዱስ ላሊበላ እናት ልጇ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት አይታ ንቦቹ ጌትነቱን ዐወቁ አለች ተብሎ የሚተረከውም፥ አባቶቻችን የንብን ፈቃድ ምን ያህል ያከብሩት እንደ ነበር ያሳያል። ይህን የእኅቴ ልጅ ቶሎ ተረዳው። በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ «ዳንጀን ኪፐር» የሚባል ጨዋታ እንዳለ ነገረኝ፤ በዚያም ጨዋታ ፍጥረቶቹ ምግባቸው፥ ማደሪያቸውና ደመወዛቸው ከተጓደለ ተቈጥተው አለቃቸውን ጥለው ይሄዳሉ። «እንግዲያው ሠሪዎቹ ቀፎ ሰቅለው የሚያውቁ ናቸው» አልሁት።

3ኛ፤ ዋጋው በጊዜው ይምጣ፤ ሲመጣም የዓመቱን ታሪክ ይናገር። አንዲት ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዕድሜዋ ሁሉ የምታዘጋጀውም ማር ከሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው ይባላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ወለላውን በጣቱ ሲነካ ዝም ብሎ አይውጠውም። በተጫኑት ቍጥር ሳንቲም የሚያዘንብ ጨዋታ ግን ዋጋን ከድካም ስለሚለይ ሁለቱንም ያረክሳል። የገተሙ ዓመት ነጭ ማር፥ የግራዋው ዓመት ጥቍር ማር ይስጥ፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹ የሚቀበለው ያሳለፈውን ወራት ጭምር ይሆናል።

4ኛ፤ እንክብካቤው ከሌላው ሥራ አይለይ። ቀፎ የሚሰቀለው በዛፍ ላይ ነው። ንብ የሚያነብ ሰው ገተሙንና ዋንዛውን ለምን እንደማይቈርጥ ምክንያት አለው። የያዮ ደን፥ ቡና በጥላው ሥር በዱር የሚበቅልበት፥ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የተመዘገበው፥ እስከ ዘመናችን የቈየው እንዲህ ያለ ምክንያት ያላቸው ሰዎች በዙሪያው ስለኖሩ ጭምር ነው። በልጁ ጨዋታ ግን ደኑን ጨርሶ ለቤት ያስቈረጠ አለቃ ንቦቹ አንዳች አይሆኑበትም ነበር። «ጓደኞችህን ያሰለቻቸው ምግቡ አይደለም፤ እንስሳቱ ከመንደሩ ኑሮ ተለይተው ለብቻቸው መቀመጣቸው ነው። ዛፍ ለመቍረጥ መጥረቢያ ያነሣ አለቃ ቀና ብሎ ቀፎ ይይ፤ ያን ጊዜ ያስባል» አልሁት።

ልጁ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ መልሶ ጠየቀኝ። «ኤሱማ፤ ሰው በፍርሃትም ይንከባከባል እኮ። ያስ አይበቃም?» አለ። ምሳሌም አመጣ። በ1996 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጃፓን አገር ባንዳይ የሚባለው ኩባንያ «ታማጎቺ» የተባለ የእንቍላል ቅርጽ ያለው ትንሽ መጫወቻ አወጣ። በውስጡ የምትፈለፈለው ፍጥረት ስትራብ ትጮኻለች፤ ቢተዋት ትሞታለች። ሕፃናት በትምህርት ሰዓት እንኳ ልባቸው ከእርሷ አልለይ አለ። በ2009 ደግሞ «ፋርምቪል» የሚባል የእርሻ ጨዋታ ወጣ፤ በሰዓቱ ተመልሶ ያላጨደ ሰብሉ ይደርቅበት ነበር። በአሥር ሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ሰዓት እየቈጠሩ ተጫወቱት። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ጨዋታው ሲዘጋ ያ ሁሉ እርሻ ከመስኮቱ ጠፋ።

እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁለት። ፍርሃት ሰውን ያመላልሳል፤ ጠባቂ ግን አያደርገውም። ከታማጎቺ ጋር ያደገ ልጅ ምናልባት ለሚጮኽ ነገር መሮጥን ተምሯል፤ ይህም ክፉ አይደለም፤ ሕፃን ሲያለቅስ የሚነሣ ሰው ያስፈልጋልና። ነገር ግን ንብ አትጮኽም። አብዛኛው በእጃችን ያለ ፍጥረት ሲጐዳ አይጮኽም፤ ላም ዝም ብላ ትከሳለች፤ አፈር ዝም ብሎ ይታጠባል፤ ሽማግሌ ወላጅም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይደክማል። ስለዚህ እውነተኛው እንክብካቤ ሳይጠሩት የሚያይ ዓይን ነው። የጨዋታ ማር እንደማይበላ ዐውቃለሁ፤ ተጫዋቹ ከጨዋታው ይዞት ሊወጣ የሚችለው ይኸ ዓይን ብቻ ነው። ጨዋታህ ይህን ካስተማረ ሠርተሃል፤ ሰዓት እያስቈጠረ ሰውን በገመድ ካሰረ ግን አንተ ግብር ተቀባይ ሆነሃል፤ ተጫዋቹም ገባር።

በማግሥቱ ወደ ቀፎዎቼ ይዤው ሄድሁ። ከእነርሱ አንዱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ባለ ፍሬም ቀፎ ነው። ልጁ መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ነበር፤ ኋላ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጆሮውን ከእንጨቱ ጋር አስጠግቶ ብዙ ጊዜ ቆየ። አንዲት ንብ አንገቱ ላይ ነደፈችው፤ እጁን አላወራጨም። «ምን ሰማህ?» ብለው፥ «ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ነገር ግን አንድ ነገር እየሠሩ ነው» አለኝ። እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ ከዚህ የበለጠ አላውቅም ነበር።

ጨዋታውን ገና አልጨረሰውም። በስልክ እንደ ነገረኝ ግን ማብያውን ቍልፍ አጥፍቶታል፤ በምትኩ የቀፎውን አፍ ሣለ። ከጓደኞቹም አንዱ ሲጫወት ማሩን ሁሉ ቈርጦ ንቦቹ ጥለውት ሄዱበት። ልጁም ጨዋታውን እንደገና ይጀምራል ብሎ ሲጠብቅ፥ ጓደኛው አዲስ ቀፎ ሰቅሎ ሌሊቱን ሲጠብቅ አደረ አለኝ።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በእጅህ የተሰጠህ ፍጥረት፥ በጫካ ያለችው ንብ ብትሆን ወይም ለወንድምህ የምትሠራው ጨዋታ፥ በመጀመሪያ ምን እንደምታገኝበት አትጠይቅ። ቀና ብለህ እይ፤ ቀስ ብለህ አድምጥ፤ ስትቈርጥም የፊተኛውን እንጀራ ተው። ንብ ከገባች ማሩ በጊዜው ይመጣል።